ሥርዓተ ክወና ሲነሣ የሚታዩ የፕሮሰሰር ኃይል አስተዳደር ማስጠንቀቂያዎች፦ ትርጉማቸውና ለምርምር ልኬት ያላቸው ፋይዳ

በቴፒም ሆነ በሚዛን ተፈሪ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ በኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ሊኑክስ የተጫነባቸውም በጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ መስመሮችን ያወርዳሉ። ከመስመሮቹ መካከል አንዱ «ኢነርጂ ፐርፍ ባያስ» በሚል ስም ይጀምርና ቅንብሩ «ፐርፎርማንስ» እንደ ነበረ፣ አሁን ግን «ኖርማል» እንደ ተደረገ ያስታውቃል። ተከታዩ መስመር ደግሞ ቅንብሩን ለማየትና ለመለወጥ የትኛው መሣሪያ እንደሚያገለግል ይጠቁማል። መልእክቱ በከርነሉ መዝገብ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደረጃ የተሰጠው በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜም ዓይን ውስጥ የሚገባው ከመብራት መቋረጥ በኋላ በመሆኑ፣ የኃይል መዋዠቅ ፕሮሰሰሩን ጎድቶታል ወደሚል ግምት ይመራል።

ግምቱ ትክክል አይደለም። መልእክቱ የሚወጣው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ነው፤ መብራት ሳይጠፋበት ለወራት በሚሠራ ሰርቨር ላይ የማይታየው ሰርቨሩ ዳግም ስላልተነሣ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ «ብልሽት ካልሆነ አያሳስብም» ብሎ ማለፍም፣ ቢያንስ የአልጎሪዝሞችን ፍጥነት እየለካ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ሰው፣ ሌላ ስህተት ነው። መስመሩ የሚናገረው ከርነሉ የፕሮሰሰሩን የኃይል ቅንብር በራሱ ውሳኔ እንደ ለወጠ ነው። ከለውጡ በፊትና በኋላ የተለኩ ሁለት ውጤቶች በአንድ ማሽን ላይ የተገኙ ቢሆኑም በአንድ ሁኔታ የተገኙ አይደሉም።

ኃይል፣ ቮልቴጅና ጊዜ

የፕሮሰሰር ትራንዚስተሮች ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድም ወደ ዜሮ ሲገለባበጡ የሚወስዱት ኃይል በግርድፉ ከሦስት ነገሮች ብዜት ጋር ይመጣጠናል፤ እነርሱም የሰርኪዩቱ ካፓሲታንስ፣ የቮልቴጁ ካሬ እና ድግግሞሹ ናቸው። የኃይል አስተዳደር ጥቅም ሁሉ የሚመነጨው ቮልቴጁ በካሬ ከመግባቱ ነው። ድግግሞሹን ዝቅ ማድረግ ቮልቴጁንም ዝቅ ለማድረግ ያስችላልና። ለምሳሌ ድግግሞሹ ከ3.0 ጊጋኸርዝ ወደ 2.0፣ ቮልቴጁም ከ1.2 ቮልት ወደ 0.9 ቢወርድ፣ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል ቀድሞ ከነበረው 37.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሥራው ሙሉ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚወሰን ከሆነ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ይደርሳል፤ በአጠቃላይ የሚበላው ኢነርጂ ግን ከቀድሞው 56 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ስሌት ትራንዚስተሮች ሳይገለባበጡም የሚያባክኑትን ኃይል አላካተተም፤ ያ ሲጨመር ትርፉ ይቀንሳል። ቢሆንም ዋናው ነገር ግልጽ ነው፦ ፍጥነትና ቁጠባ በአንድ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ሚዛኑ ወዴት ይዘንብል የሚለውንም አንድ አካል መወሰን አለበት።

ያ አካል ማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። ቀድሞ ውሳኔው በአብዛኛው የፈርምዌሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው መስፈርት ሥልጣኑን ወደ ሥርዓተ ክወናው አዛወረው። በዚህ አሠራር ፈርምዌሩ ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ያስረክባል፤ ሥርዓተ ክወናው ደግሞ ሠንጠረዡን አንብቦ ይወስናል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ ሳለ የሚገኝባቸው የድግግሞሽና የቮልቴጅ ጥንዶች «ፒ-ስቴት»፣ ሥራ ሲፈታ የሚገባባቸው የዕረፍት ደረጃዎች ደግሞ «ሲ-ስቴት» ይባላሉ። ከጊዜ በኋላ ግን ፕሮሰሰሮች በራሳቸው ውስጥ በሚሊሰከንድ ፍጥነት የሚወስኗቸው ነገሮች በዙ። ሥርዓተ ክወናው በዚያ ፍጥነት ሊከተላቸው ስለማይችል፣ እያንዳንዱን እርምጃ ከማዘዝ ይልቅ ዝንባሌውን ብቻ ነግሮ ዝርዝሩን ለሃርድዌሩ ወደ መተው ተሸጋገረ። «ኢነርጂ ፐርፍ ባያስ» የሚለው ስም የሚያመለክተው ይህንኑ ዝንባሌ ነው።

የዜሮ ሁለት ትርጉም

ዝንባሌው የሚጻፈው በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ በሚገኝ፣ ቁጥሩ በአስርዮሽ ሥርዓት 432 በሆነ ሬጅስተር ላይ ነው። ከዚህ ሬጅስተር ለጉዳዩ የሚያገለግሉት አራት ቢቶች ብቻ ስለሆኑ የሚይዙት ዋጋ ከ0 እስከ 15 ነው። 0 ስለ ኢነርጂ ሳይታሰብ ፍጥነት ይቅደም ማለት ነው። 15 የዚህ ተቃራኒ ነው። «ኖርማል» የሚባለው 6 ነው። ቁጥሩ ድግግሞሹን በቀጥታ አይወስንም፤ ፕሮሰሰሩ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ለመውጣት ምን ያህል እንዲቸኩል፣ ለመቆጠብም ምን ያህል እንዲሳሳ ይጠቁመዋል እንጂ። ሬጅስተሩ በሁሉም ማሽን ላይ የለም። ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት በ1999 ዓ.ም. ገበያ ላይ የነበሩት ፕሮሰሰሮች አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ማሽን ላይ መልእክቱን መፈለግ ከንቱ ነው። አንድ ፕሮሰሰር ሬጅስተሩ ይኑረው አይኑረው ሊኑክስ በሚሰጠው የፕሮሰሰር መግለጫ ውስጥ «ኢፒቢ» የሚለውን ምልክት በመፈለግ ይታወቃል።

ኃይል እንዳገኘ ሬጅስተሩ የሚይዘው ዋጋ 0 ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢንቴሉ ሌን ብራውን ለሊኑክስ ከርነል ባቀረበው ማሻሻያ ላይ የተሰጠው ምክንያት በአጭሩ ሲነገር የሚከተለው ነበር። አብዛኞቹ ባዮሶች ይህን ሬጅስተር አይነኩትም፤ በስፋት የሚሸጡት የንግድ ሥርዓተ ክወናዎች ራሳቸው ያስተካክሉታል ብለው ሳይተዉት አይቀሩም። የሊኑክስ ሥርጭቶች ግን በወቅቱ አያስተካክሉትም ነበር። በዚህ የተነሣ ሊኑክስ የሚሠራባቸው ማሽኖች ማንም ሳይመርጥላቸው «በማንኛውም ዋጋ ፍጥነት» በሚለው ዝንባሌ ይሠሩ ነበር። ይህ ለፍጥነት ውድድር የሚመች ቢሆንም ሃርድዌሩ ሲነደፍ የታሰበለት መደበኛ ሁኔታ «ኖርማል» ነው። ስለሆነም ከርነሉ ሲነሣ በሬጅስተሩ ውስጥ 0 ካገኘ 6 ይጽፍበታል፤ መጻፉንም በማስጠንቀቂያ ደረጃ ይመዘግባል። ከ0 ሌላ ዋጋ ካገኘ ግን አንድ አካል አስቦበታል ብሎ እንዳለ ይተወዋል፤ መልእክትም አያወጣም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። 0 ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ «ማንም አልነካውም» ወይም «አንድ ሰው አስቦ ፍጥነትን መርጧል»። በፈርምዌሩ የቅንብር ገጽ ላይ ከፍተኛ ፍጥነትን የመረጠ የሰርቨር አስተዳዳሪ ምርጫው በሬጅስተሩ ውስጥ 0 ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ከርነሉ ደግሞ ይህን ከቸልተኝነት የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱንም እንደ ቸልተኝነት ይቆጥራቸዋል።

በግብርና ጥናት መጠይቅ የሠራ ሰው ይህን ችግር በሌላ ስሙ ያውቀዋል። በሸኮና በአካባቢው ካሉ ቡና አምራቾች በተሰበሰበ መረጃ ውስጥ በዓመቱ ምንም ያላፈራ ማሳም፣ ጥያቄው ያልቀረበለት ማሳም «0 ኩንታል» ተብለው ቢሞሉ፣ አጥኚው ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ ሊለያቸው አይችልም። ከርነሉ ያደረገውም በስታቲስቲክስ ቋንቋ የጎደለ መረጃን መተካት ነው፤ 0ን እንዳልተሞላ ቆጥሮ መደበኛውን ዋጋ አስገባ። ጥሩ አጥኚ ደግሞ የተካውን ሳይናገር አያልፍም። ማስጠንቀቂያው ያ ንግግር ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ መልእክቱ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሊሰጠው አይገባም የሚለው በተደጋጋሚ የሚሰማ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። ለቤት ተጠቃሚ በእርግጥ ተራ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው ለተሻረበት አስተዳዳሪ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከርነሉ ከሁለቱ ለየትኛው እየተናገረ እንደሆነ አያውቅም።

መልእክቱ በገጹ ላይ አለመታየቱም ምንም አያረጋግጥም። የከርነሉ መልእክቶች ከ0 እስከ 7 ባሉ ደረጃዎች የተመደቡ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉዳዩ ይከብዳል፤ ስህተት 3፣ ማስጠንቀቂያ 4 ነው። በርካታ ሥርጭቶች «ኳየት» በሚባለው የማስነሻ አማራጭ ስለሚነሡ በገጹ ላይ የሚታዩት ከ4 በታች ያሉት ብቻ ናቸው። የቀሩት «ዲሜሴጅ» በሚባለው ትእዛዝ ይነበባሉ። በሁለት ጎረቤት ማሽኖች መካከል አንዱ «ያስጠነቅቃል»፣ ሌላው «ጤነኛ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይኸው የማስነሻ አማራጭ ነው። በተጨማሪም መልእክቱ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሽኑ ስምንት ኮሮች ቢኖሩትም ስምንት መስመሮች አይወጡም፤ ስለዚህ የመስመሮችን ብዛት ቆጥሮ ስንት ኮር እንደ ተለወጠ መደምደም አይቻልም።

ይህ የከርነሉ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 5.2 ቅጂ ራሱን ችሎ ተደራጅቷል። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ኮር ዋጋ በሥርዓቱ የፋይል ዛፍ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ሊነበብና ሊጻፍ ይችላል። ማሽኑ ለጊዜው አንቀላፍቶ ሲነቃም ቀድሞ የነበረው ዋጋ ይመለሳል። ከሙሉ መነሣት በኋላ ግን አይመለስም፤ በእጅ የተጻፈ ቅንብር በሚነሣበት ጊዜ የሚጽፈው አገልግሎት ካልተዘጋጀለት በቀር መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ሌላ፣ ረቀቅ ያለ የዝንባሌ ቁጥር አለ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ፍጥነቱን በዋናነት የሚመራው አዲሱ ቁጥር ነው፤ የድሮው መልእክት መውጣቱን ግን ላያቆም ይችላል። ስለዚህ በአዲስ ማሽን ላይ መልእክቱን ብቻ አይቶ ስለ ፍጥነት መደምደም ሊያሳስት ይችላል።

ልኬት የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቡና ቅጠል ዝገትን ከፎቶግራፍ የሚለዩ ሁለት ዘዴዎችን ያነጻጽራል እንበል። የቤተ ሙከራው ባለሙያ የሰርቨሩን ዝንባሌ በመሣሪያው አማካይነት ወደ ፍጥነት አዙሮለታል። ሰኞ የመጀመሪያው ዘዴ ይለካል። ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ ይነሣል፤ ከርነሉም 0 አግኝቶ 6 ይጽፋል። ሁለተኛው ዘዴ የሚለካው በዚህ ሁኔታ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ግን «ሁለቱም በአንድ ሰርቨር ላይ ተለክተዋል» የሚል ነው፤ እውነት ነው፤ አሳሳችም ነው። ሁለተኛው ዘዴ ዘግይቶ ቢገኝ መዘግየቱ ከዘዴው ይሁን ከሬጅስተሩ የሚለይበት ማስረጃ አልቀረም፤ የቀረ ቢኖር በማስነሻ መዝገቡ ውስጥ ያ አንድ መስመርና ሰዓቱ ብቻ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር፣ ከሥራ ወደ ሥራ ይለያያል። ከማኅደረ ትውስታ መረጃ በመጠበቅ ጊዜውን የሚያሳልፍ ፕሮግራም ብዙም ላይነካ ይችላል፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየነቃ የሚተኛ ፕሮግራም ግን በጉልህ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ማሽን የተወሰደ የማስተካከያ ቁጥር አያገለግልም።

የኃይል አስተዳደር የስሌቱን ውጤት እንደማይለውጥ፣ የሚለውጠው የሚፈጅበትን ጊዜ ብቻ እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዘዴው ከመቶ ቅጠሎች ስንቱን በትክክል እንደ ለየ የሚገልጸው አኃዝ በዚህ ምክንያት አይጠረጠርም። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ሙከራው በሰዓት የተገደበ ከሆነ፣ ማለትም «በአንድ ሰዓት ውስጥ የተገኘው ምርጥ መፍትሔ» የሚል ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በመልሱ ጥራት ውስጥም ይገባል። ይህን ዓይነት ገደብ የሚጠቀሙ የማመቻቸትና የመርሐ ግብር አወጣጥ ጥናቶች ከሌሎቹ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የተጋለጡ ናቸው።

ላፕቶፕ ነገሩን ያባብሰዋል። በዩፒኤስ ላይ ያለ ዴስክቶፕ መብራት መጥፋቱን በአብዛኛው አያውቅም፤ ላፕቶፕ ግን ከመስመር ወደ ባትሪ ሲዞር ወዲያው ያውቃል፤ ፈርምዌሩም ሆነ የኃይል ቆጣቢ ፕሮግራሙ የፕሮሰሰሩን የፍጥነት ጣሪያ ሊያወርዱ ይችላሉ። ለስድስት ሰዓት በሚቆይ ሙከራ መካከል መብራት ሁለት ጊዜ ቢጠፋና ቢመጣ፣ የተገኘው አማካይ ጊዜ የሁለት የተለያዩ ፍጥነቶች ቅይጥ ነው። መደበኛ ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ሲገኝ አጥኚው የሚጠረጥረው አልጎሪዝሙን ነው፤ መጠርጠር የነበረበት ግን ቻርጀሩን ነው።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ እርሱም ከሰከንድ ይልቅ የፕሮሰሰር ዑደት በመቁጠር ከችግሩ መሸሽ ይቻላል የሚለው እምነት ነው። በዘመናዊ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ቲኤስሲ የተባለው ቆጣሪ ፕሮሰሰሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም በአንድ ቋሚ ፍጥነት ይቆጥራል። ስለዚህ ስሙ የዑደት ቆጣሪ ቢመስልም በተግባር ሰዓት ነው፤ በእርሱ የተለካ «ዑደት» የፍጥነት ለውጡን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በእርግጥ የተሠራባቸውን ዑደቶች የሚቆጥሩት ሌሎች ቆጣሪዎች ሲሆኑ፣ በሊኑክስ «ፐርፍ» በሚባለው መሣሪያ ሊነበቡ ይችላሉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሁለት ዘዴዎች ሲነጻጸሩ የአንዱን ሠላሳ ልኬት ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ተራ በተራ ማፈራረቅ፣ በመካከል የሚመጣ ለውጥ ሁለቱንም እኩል እንዲነካ ያደርጋል። የግብርና ተመራማሪዎች የማሳ ሙከራን በብሎክ የሚከፋፍሉት በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ የኮምፒውተር ሰዎች ከእነርሱ መማር ያለባቸው ነገር ይመስላል። ከዚህ ጋር የማሽኑ የመነሻ ሰዓት በእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ ቢመዘገብ፣ በልኬቶች መካከል ዳግም መነሣት መኖር አለመኖሩ ኋላ ሊጣራ ይችላል። የዝንባሌው ቁጥር፣ ድግግሞሹን የሚመራው ስልት፣ የከርነሉ ቅጂ፣ ማሽኑ በመስመር ላይ ይሁን በባትሪ፤ እነዚህ በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አይወስዱም። አሁን በብዙ ጽሑፎች የሚታየው የፕሮሰሰሩ የንግድ ስምና የማኅደረ ትውስታው መጠን ብቻ ነው፤ ያ የመኪና ሞዴል ጠቅሶ በስንተኛ ማርሽ እንደ ተነዳ እንደ መተው ነው።

እርምጃ የሚሹት መስመሮች

በማስነሻው ላይ የሚወጡ የኃይል መልእክቶች ሁሉ እንዲህ ሰላማዊ አይደሉም። ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ከርነሉ ከተነሣ ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ ያመለክታል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ አንድ ጊዜ ተጽፎ የማይደገም መልእክት በአብዛኛው ስለ ቅንብር ይናገራል። ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ፣ በሺዎች በሚቆጠር ሰከንድ ላይ የሚመጣና የሚደጋገም መልእክት ግን ስለ አካላዊ ሁኔታ የመናገር ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ከእነዚህ ዋነኛው የኮር ሙቀት ከወሰን እንዳለፈና የፕሮሰሰሩ ሰዓት እንደ ታነቀ የሚገልጸው ነው። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በዚህ ረገድ የቦታው ጠባይ ይቆጠራል። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ከባሕር ጠለሉ በ11 በመቶ ያህል ያንሳል። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘትን ነው፤ ሙቀትን ይዞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲሽከረከር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከዚህም የሳሳ ነው፤ ከተማዋ ግን ቀዝቃዛ በመሆኗ ጉድለቱ ይካካሳል። በቴፒ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ማካካሻው ይጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ችግር የተፈተነ ማሽን ቴፒ ሲደርስ ከቀትር በኋላ ብቻ መዘግየቱ ከዚህ አንጻር እንግዳ ነገር አይደለም። አቧራውን ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መለወጥ በአብዛኛው ይበቃል። አዳዲስ ከርነሎች ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይ መታነቅን በመዝገብ ላይ ስለማያሰፍሩ፣ መልእክት አለመኖሩን ከማመን ይልቅ ከርነሉ ለየኮሩ የሚይዘውን የመታነቅ ቆጣሪ ከሙከራው በፊትና በኋላ ማንበብ ይሻላል።

ሁለተኛው ከሥርዓተ ክወናው መነሣት በፊት በፈርምዌሩ የሚጻፍ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካውን ቻርጀር ማንነት ይጠይቃሉ፤ ቻርጀሩ መልስ ካልሰጠ «የኃይል አስማሚው ዓይነት አልታወቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጡና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አጥብቀው ይገድባሉ። ዋናው ቻርጀር በጠፋበት ወይም በተቃጠለበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ መሰኪያ ያለው ምትክ መግዛት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ መልእክት በአገራችን ተማሪዎች ላፕቶፖች ላይ ብርቅ አይደለም። «አልፈህ ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ሥርዓተ ክወናው በሰላም ሲነሣ አይቶ ይረሳዋል፤ ከርነሉም ስለ ጉዳዩ ምንም ላይናገር ይችላል። ማሽኑ ግን ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛው ድግግሞሽ ይሠራል። እንዲህ ባለ ማሽን የተለካ ጊዜ ለንጽጽር አይበቃም፤ ከላይ እንደ ተገለጸው የዝንባሌ ለውጥ በዝርዝር ጽፎ ማለፍም አያድነውም።

ፈርምዌሩ ሊሰጠው የሚገባውን የፒ-ስቴት ሠንጠረዥ ከርነሉ ሲያጣው የሚወጣውም መልእክት ከዚሁ ወገን ነው፤ ሠንጠረዡ የግድ በሚያስፈልጋቸው በቆዩ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ፈርምዌሩ በተወው ድግግሞሽ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በቅንብር ገጹ ላይ የተዘጋ አንድ አማራጭ ነው። አማራጩን ማን ዘጋው የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል የ3 ቮልት ባትሪ መመልከት ተገቢ ነው። ባትሪዋ ስትደክም ማሽኑ ከመብራት በተለየ ቁጥር በብዙ ሰሌዳዎች ላይ የቅንብር ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ነባሪ ይመለሳሉ። ምልክቱ ከቀኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ መብራት በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ማሽን የኃይል ቅንብሩንም ሳይረሳ አይቀርም። ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ደግሞ የልኬት ፋይሎቹን ቅደም ተከተል ያዛባል፤ መዝገቡን መልሶ ለማጣራት የሚፈልግ ሰው የሚተማመንበት ሰዓት አያገኝም።

በርቀት ማዕከል ላይ በኪራይ በሚገኙ ምናባዊ ማሽኖች ላይ ከእነዚህ መልእክቶች አብዛኞቹ አይታዩም። ምናባዊው ማሽን የሚያየው ፕሮሰሰር አስተናጋጁ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው፤ የዝንባሌው ሬጅስተር ብዙ ጊዜ ተደብቆበታል፤ የሙቀት ቆጣሪዎችም እንዲሁ። እውነተኛው ሬጅስተር በአስተናጋጁ ከርነል እጅ ነው፤ ዋጋው 0 ይሁን 6 ተከራዩ የሚጠይቅበት መንገድ በአብዛኛው የለውም፤ በአንድ ሃርድዌር ላይ የሚጋሩት ሌሎች ተከራዮች የሚያሳድሩት ጫናም ከእርሱ የተሰወረ ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ጊዜ የሚለካ ተመራማሪ ሁኔታውን መመዝገብ ስለማይችል፣ ያንኑ ልኬት በተለያዩ ቀናትና ሰዓቶች እያፈራረቀ ከመድገም፣ የተገኘውንም የውጤት ስፋት ከአማካዩ ጋር አብሮ ከማቅረብ ሌላ አማራጭ የለውም።